ከዳንግላ እስከ መካ፦ ሰማዩ ቅርብ፣ መሬቱ ሩቅ

“መካ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?” ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው” የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። ግን የሚናገረው ከአዲስ አበባ ጂዳ ስላለው በረራ ብቻ ነው። ለረመዳን ዑምራ ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ለሚነሳ ቤተሰብ ይህ መልስ ግማሽ መልስ እንኳን አይሆንም። ጾም ይዞ፣ አረጋዊ እናት ወይም አባት ደግፎ ለሚጓዝ ሰው ቀሪው ክፍል ነው የሚከብደው። ሱሑር የት ይበላል? የት ይፈጠራል? ሰላት ከየት ጀምሮ ያጥራል? አውሮፕላን ውስጥ ፀሐይ ጠለቀች የሚባለው መቼ ነው?

በረመዳን የሚደረግ ዑምራ በምንዳው ከሐጅ ጋር እንደሚስተካከል በሐዲስ የተነገረ በመሆኑ፣ ግዴታ የሆነውን ሐጅ ባይተካም፣ አቅም ያለው ሁሉ ይህን ወር ይመኛል። ስለዚህ በዛሬው የረመዳን ገጻችን ከአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን እስከ መካ ያለውን መንገድ በኪሎ ሜትርም በሰዓትም አብረን እንለካለን።

በካርታው ላይ

ካርታ ዘርግተን ከእንጅባራ እስከ መካ ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር ርዝመቱ ወደ 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መስመሩ ወደ ሰሜን ሄዶ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ በየቀኑ አምስት ጊዜ ፊታችንን የምናዞርበት የቂብላ አቅጣጫም ይኸው ነው። ይሁንና በዚህ መስመር የሚወስድ መጓጓዣ የለም። መንገደኛው መጀመሪያ ቂብላን ወደ ኋላው ትቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ መውረድ አለበት።

ከእንጅባራ አዲስ አበባ በአስፋልት መንገድ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ከዳንግላ ለሚነሳ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። በአየር ቢለካ ግን በእንጅባራና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ርቀት 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ልዩነቱን የፈጠረው የጎጃም ደጋና የዓባይ በረሃ ነው። መንገዱ በቲሊሊና በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ደጀን ይደርሳል። ከዚያ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገርና ያንኑ ያህል ሽቅብ ተጠማዞ ጎሃ ጽዮን ይወጣል።

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ጂዳ ድረስ ደግሞ በአየር ወደ 1 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባና ጂዳ በኬንትሮስ ተቀራራቢ ስለሆኑ ጉዞው ከሞላ ጎደል ቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። ከጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መካ ያለውን ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የመኪና መንገድ ስንጨምርበት፣ ከእንጅባራ የተነሳ መንገደኛ በድምሩ 1 ሺህ 950 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቀጥተኛው መስመር 1 ሺህ 200 ከሆነ፣ 750 ኪሎ ሜትሩ የዙሪያ ጥምጥም ዋጋ ነው ማለት ነው።

ሰዓቱ የት ይሄዳል?

የመንገደኛ አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበርራል። በዚህ ስሌት 1 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ ባልወሰደ ነበር። ግን አውሮፕላን መሬት ላይ እየተንከባለለ እስከ መነሻው የሚሄድበት፣ ቀስ በቀስ ከፍታ የሚይዝበትና ለማረፍ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ነፋሱ ከፊት ከሆነ ይዘገያል፣ ከኋላ ከሆነ ይፈጥናል። የበረራ መስመሩም ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። ይህ ሁሉ ተደምሮ በረራው ሁለት ሰዓት ከሩብ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

አሁን ቀሪውን እንደምረው። ከእንጅባራ አዲስ አበባ በሀገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖና መኪናው ሳይበላሽ፣ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ነው። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ይመከራል። ጂዳ ላይ ፓስፖርት ለማስመታትና ሻንጣ ለመረከብ አንድ ሰዓት ተኩል ብንይዝ፣ ወደ መካ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ብንጨምር፣ በጥቅሉ 18 ሰዓት ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ሰማይ ላይ የምንቆየው ሁለት ሰዓት ተኩሉን ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር አውሮፕላኑ ከርቀቱ ከሰባ በመቶ በላይ የሆነውን ይሸፍናል፤ ከጊዜው የሚወስደው ግን አሥራ አምስት በመቶ እንኳን አይሞላም። የሚያደክመው መሬቱ ነው።

ይህን የሚያቃልል አንድ አማራጭ አለ። ዳንግላ ለባሕር ዳር ትቀርባለች፤ ርቀቷ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ወጪው ከአውቶቡስ ይበልጣል። ነገር ግን ጉልበታቸው ለደከመ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው ወላጆች የአንድ ቀን ድካም ያስቀራል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በተፈጠረው የፀጥታ ችግር መንገዶች የተዘጉባቸው ጊዜያት ስለነበሩም፣ በየብስ የሚሄድ ቤተሰብ ከበረራው ዕለት ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ መግባቱ ብልህነት ነው። አውቶቡስ ቢዘገይ ነገ ሌላ አውቶቡስ ይገኛል፤ ያመለጠ በረራ ግን ቪዛውንም፣ የሆቴል ክፍያውንም፣ ከቡድኑ ጋር የተያዘውንም ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል።

ከአውሮፕላን በፊት

ለዛሬው መንገደኛ 18 ሰዓት ረዥም ነው። ለቀደሙት አባቶች ግን ሐጅ ማለት የወራት ጉዞ ነበር። በእግርና በበቅሎ ምፅዋ ወርደው፣ መርከብ ጠብቀው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ጂዳ ይገቡ ነበር። ያው ባሕር በ615 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ከመካ ሸሽተው ወደ ነጃሺ ሀገር የተሻገሩት ነው። ዛሬ አውሮፕላኑ ከባሕሩ በላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደርሷል። የዚያን ዘመን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በሰዓት የሚበርረው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዚያ ፍጥነት ጂዳ ወደ አምስት ሰዓት ይወስድ ነበር። ሰማዩ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ በግማሽ አጠረ።

ቲኬቱ ላይ ያለው ቀን

በረራ የሚያመልጠው መንገድ ሲዘገይ ብቻ አይደለም። ቲኬት ሲነበብም ያመልጣል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ሀገር ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው። በእስልምና አቆጣጠር ደግሞ አዲሱ ቀን የሚገባው በመግሪብ ነው፤ ተራዊህ ከጾሙ ዋዜማ የሚጀምረውም ለዚህ ነው።

ለምሳሌ ቲኬቱ “ማርች 5፣ 00፡40” ቢል፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6፡40 ማለት ነው። ማርች 5 የካቲት 26 ነው። ብዙ ሰው “የካቲት 26 ሌሊት” ብሎ በ26ኛው ቀን አፍጥሮ ወደ ቦሌ ይሄዳል። አውሮፕላኑ ግን በ25ኛው ቀን ኢፍጣር ማግሥት፣ በዚያው ሌሊት ሄዷል። መንገደኛው የካቲት 25 ምሽት ከ3፡40 በፊት አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ከ00፡00 እስከ 05፡59 የተጻፈ ሰዓት ስታዩ፣ የምትወጡት ባለፈው ቀን ኢፍጣር በኋላ መሆኑን አስቡ። ቲኬቱን ለወላጆቻችሁ ስታስረዱ “ይህን ቀን አፍጥረን፣ በዚያው ሌሊት” ብላችሁ ንገሯቸው። ከቁጥሩ ይልቅ ይህ አነጋገር አያሳስትም።

የጂዳና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። ስለዚህ ሲደርሱ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም።

ሙሳፊር የሚሆነው ከስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 184 እና 185 ለታመመና ለመንገደኛ ሰው ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። ፈቃዱ ግን ከየትኛው ርቀት ይጀምራል? የቀደሙት ዑለማ ርቀቱን የለኩት በዘመናቸው መለኪያ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብና በሌሎችም የተለመደው አራት በሪድ፣ ማለትም 48 ማይል ወይም የሁለት ቀን መንገድ ነው። በሐነፊይ መዝሀብ የሦስት ቀን መንገድ ይባላል። በዛሬው ልኬት ብዙዎቹ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ብለው ይተረጉሙታል፤ በስሌቱ መጠነኛ ልዩነት አለ። ርቀቱን በቁጥር ሳይወስኑ ሰው በልማዱ “ጉዞ” የሚለው ሁሉ ጉዞ ነው ያሉ ዑለማም አሉ።

ርቀትን በቀን መለካት ለአዊ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥር 23 በየዓመቱ በእንጅባራ በዓሉ የሚከበርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ አያቶች ርቀትን የሚናገሩት “የአንድ ቀን መንገድ” እያሉ ነበር። የዑለማው መለኪያ ይህን ልማድ ያውቀዋል።

በአካባቢያችን እንመልከተው። ከዳንግላ እንጅባራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ርቀትን በሚለኩት ዑለማ ዘንድ ፈቃዱ ውስጥ አይገባም። ለገበያ ወይም ለለቅሶ ደርሶ የሚመለስ ሰው ጾሙን ይዞ ይውላል፣ ሰላቱንም ሙሉ ይሰግዳል። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 118 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ከልኩ ያልፋል። ከዳንግላ ባሕር ዳር ግን ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልክ ወሰኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ርቀቱ የሚቆጠረውም ከከተማው ጫፍ ስለሆነ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍርዱን ይለውጠዋል። የዳንግላ ሰው ይህን ጉዳይ የሚከተለውን መዝሀብ ለሚያውቅ ኡስታዝ አስቀድሞ ቢያቀርብ መልካም ነው።

አዲስ አበባና ጂዳ ለሚሄድ ሰው የርቀቱ ነገር አያጠራጥርም። የሚያከራክረው የመነሻው ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ዑለማ እንደሚሉት፣ በዕለቱ ማፍጠር የሚፈቀደው ከፈጅር በፊት ከከተማው ለወጣ ነው። ጾሙን ቤቱ ጀምሮ ረፋድ ላይ የተነሳ ሰው የዚያን ቀን ጾም ይጨርሳል ይላሉ። በሐንበሊይ መዝሀብ ደግሞ ለእርሱም ይፈቀዳል። ጎህ ሳይቀድ በሚወጣው አውቶቡስና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሚወጣው ሚኒባስ መካከል ያለው ልዩነት የወንበር ብቻ አይደለም። የታመሙ ወላጆችን ይዞ የሚጓዝ ሰው ይህን አስቦ ትኬት ቢቆርጥ ለእነርሱ ይቀላል።

ፈቃድ ፈቃድ ነው። ጾሙ ያልከበደው ሊጾም ይችላል። ጉዳት የሚያመጣበት ግን ራሱን ማስጨነቅ አይጠበቅበትም፤ ቀዷ አለለት።

ከደመና በላይ ያለች ፀሐይ

አውሮፕላን ውስጥ የመግሪብ ሰዓት ሲደርስ ብዙ መንገደኛ ይደናገራል። ስልኩ መሬት ላይ ያለውን ከተማ ሰዓት ይነግረዋል፤ በመስኮቱ ግን ፀሐይ ትታያለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተራራ ላይ የቆመ ሰው ሜዳ ላይ ከቆመው አርቆ ያያል። አውሮፕላኑ 11 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል አድማሱ ስለሚርቅ፣ ፀሐይ ከሥሩ ላለችው ከተማ ከጠለቀች በኋላ ከ10 ደቂቃ በላይ ትታየዋለች። የዘመናችን ዑለማ ፈትዋ የሚለው የሚያፈጥረው ሰው ባለበት ቦታ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሰማይ ላይ ያለው በሰማይ ያያል። መሬት ላይ መግሪብ ገብቶለት ካፈጠረ በኋላ የተሳፈረ ሰው ደግሞ ከፍ ሲል ፀሐይዋን ዳግም ቢያያት ጾሙ ተፈጽሟል፤ ወደ ኋላ አይመለስም።

ከአዲስ አበባ ጂዳ የሚደረገው በረራ ወደ ሰሜን ስለሆነ የጾሙ ርዝመት ብዙም አይለወጥም። ወደ ምዕራብ የሚበርር ግን ከፀሐይ ጋር እየተጓዘ ስለሆነ ቀኑ ይረዝምበታል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር ወደ 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሰዓት ልዩነቱ በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ነው። ቀን ላይ ወደዚያ የሚበርር ጾመኛ ብዙ ሰዓት ይጨመርበታል። ወደ ምሥራቅ የሚበርር በተቃራኒው ያጥርለታል። የመንገደኛ ፈቃድ ትርጉሙ ጎልቶ የሚታየው በእንዲህ ዓይነት ጉዞ ነው።

ዑምራ ለሚያደርግ ሰው ደግሞ ሌላ ጥድፊያ አለ። ሚቃቱ፣ ማለትም ኢሕራም የሚታሰርበት ወሰን፣ አየር ላይ ያልፋል። አውሮፕላኑ በደቂቃ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። “ቆይ ልብሴን ልቀይር” ብሎ አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰው 70 ኪሎ ሜትር አልፎታል። በዚህ ምክንያት ወንዶች የኢሕራም ልብሳቸውን ከቤት ወይም ከቦሌ ለብሰው መሳፈራቸው፣ ኒያውን ደግሞ የቡድን መሪው ወይም የአውሮፕላኑ ማስታወቂያ በሚያመለክተው ጊዜ ማድረጋቸው የተለመደ ነው። ኢሕራሙን ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ሻንጣውን ማስረከብ ግን ጭንቀት መሸመት ነው።

ስለ ከፍታ ለሚሰጉ አረጋውያን አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር የሚስተካከለው ቢበዛ በ2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ነው። እንጅባራ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ናት። የእንጅባራ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ሲቀመጥ በአተነፋፈስ ረገድ ከቤቱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። የሚለየው ድርቀቱ ነው፤ የካቢኑ አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ከበረራው በፊት ባለው ሌሊት ውኃ ደጋግሞ መጠጣት ይጠቅማል። ጂዳ ሲደርሱ ደግሞ ከደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ ሙቀት መውረድ ስላለ፣ ለመጀመሪያው ቀን ዕረፍት መያዝ ጡዋፉን ያቀልላል።

ቤት ለቀሩት

የርቀት ነገር ከቤታቸው ያልወጡትንም ይመለከታል። ፀሐይ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ለማለፍ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ዳንግላና እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ ሁለት ዲግሪ በሚጠጋ ልዩነት በምዕራብ ይገኛሉ። ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት ሲውል በእነዚህ ከተሞች ፀሐይ ከአዲስ አበባ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ዘግይታ ትጠልቃለች። በአዲስ አበባ የቴሌቪዥን አዛን ቴምር የሚያነሳ የዳንግላ ቤተሰብ እንግዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅለት ሊያፈጥር ይችላል። ቀኑን ሙሉ ተጹሞ በመጨረሻዋ ደቂቃ መቸኮል ያሳዝናል። የከተማችሁን መስጊድ አዛን ጠብቁ፤ የስልካችሁ የሰላት መተግበሪያም አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ከተማችሁ ላይ መሞላቱን አረጋግጡ።

መካ ደግሞ ከዳንግላ ሦስት ዲግሪ ያህል በምሥራቅ ናት። በዚሁ ወቅት እናት ከሐረም ደውላ “አፈጠርን” ስትል፣ ዳንግላ ያሉት ልጆች ገና ከአሥር ደቂቃ በላይ ይቀራቸዋል። ሰዓቱ አንድ ነው፤ አድማሱ ግን የየራሱ ነው። ልጆች ይህን ሲጠይቁ ማስረዳት ጥሩ የረመዳን ትምህርት ነው። የሰላትና የጾም ጊዜ በፀሐይ መለካቱ፣ ዳንግላ ላለውም አውሮፕላን ውስጥ ላለውም ያለበትን ሰማይ እንዲመለከት ያደርገዋል።

ስለዚህ ዘንድሮም ሆነ በሚቀጥለው ረመዳን ወላጆቻችሁን ለመላክ ካሰባችሁ፣ የበረራውን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ አትቁጠሩ። ከደጃፋችሁ እስከ ሐረም ያለውን 18 ሰዓት ቆጥራችሁ፣ ማደሪያውን፣ ሱሑሩን፣ መድኃኒቱን፣ አጅቦ የሚወስዳቸውንም ሰው በዚያው ልክ አዘጋጁ። የመንገዱን ስንቅ አስቀድሞ የቋጠረ ቤተሰብ ሐረም ሲደርስ ጉልበቱ ለዒባዳ ይተርፍለታል።

ለሚጓዙት መልካም መንገድ፣ ለሁላችሁም ረመዳን ሙባረክ!